ፊላው እስኪበቅል

እንግዳ ከአዲስ አበባ ካልመጣብኝ በቀር ሐይቁን ዞር ብዬ የማላይ ሰው ነበርኩ። እውነቴን ነው። ሐዋሳ ተወልጄ አድጌ ሐይቁ ለእኔ እንግዳ ወስጄ ፎቶ የማነሣበት፣ ዓሣ የማበላበት፣ ከዚያ «ደስ አይልም?» ብዬ የምመለስበት ቦታ ነበር። ስለ ፊላማ ጭራሽ አስቤ አላውቅም። ፊላ የምላችሁ ሐይቁ ዳር ከውሃው ውስጥ የሚበቅለውን፣ ቁመቱ ሰው የሚያህለውን ጠባብ ቅጠል ነው። ምንጣፍ የሚሠሩበት አሉ። እኔ የማውቀው ግን ፎቶ ሲነሡ ከፊት እየገባ የሚያስቸግር አረም መሆኑን ነበር። አሁን የምነግራችሁ ነገር ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ እሑድ ከቀትር በፊት አለቀ። እኔን ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

የምሠራው መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ስሙ ሲጠራ የማያምር ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ጠባዬን ከጠየቃችሁኝ ቁጭ ማለት አልችልም። ስብሰባ ላይ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲያወራኝ ዕቃ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች የፈላ ድስት ክዳን ትለኝ ነበር።

እናቴ የተጠመቀችው እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው። የእኛ አጥቢያ ሰዎች ያን ጊዜ የውሃ ጥምቀት የሚወስዱት ሐይቁ ዳር ወርደው ነበር፤ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ መዘምራኑ እየዘመሩ፣ ሙሉ በሙሉ እየጠለቁ። አባቴ አቶ ዱካሞ ግን አላመኑም ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ውስጥ እንሰትና በቆሎ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ቶሎ የማይወስኑ፣ ከወሰኑ ደግሞ የማይመለሱ። እናቴ ወደ ውሃው ስትገባ ዳር ቆመው ጫማዋን ይዘውላት ነበር። ለእኛ ለልጆቻቸው የተነገረን ይህን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «እስቲ ላስብበት» እንዳሉ ዘመኑ አለፈ፣ እናቴም ጸልያ ጸልያ አንድ ቀን አረፈች።

እሷን ከቀበርን በኋላ አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በድንገት ቤተ ክርስቲያን መጥተው «ልጠመቅ» አሉ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። ቤተ ክርስቲያናችን ከጀርባው የሲሚንቶ ገንዳ ካሠራ ቆይቷል፤ አሁን ሰው የሚጠመቀው እዚያ ነው። አባቴ ገንዳውን ዞረው አዩትና ይህ ልብስ መዘፍዘፊያ ነው አሉ። እሳቸው የሚገቡት ባለቤታቸው በገባችበት ነው፣ አለዚያ አይሆንም። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሳቁና ፈቀዱላቸው።

የእናቴ ቦታ ግን በፊላ ተውጦ ነበር። አባቴ ማጭዳቸውን ይዘው ከቱላ በባጃጅ እየተመላለሱ ይመነጥሩት ጀመር። ስኳር አለባቸው፤ ቅልጥማቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበራቸው። ቁስላቸውን የማጥብላቸው እኔ ስለሆንኩ ተጨቃጭቄ ቦቲ ጫማ አስገዛኋቸው። ፊላውን ከሥሩ፣ ከውሃው በታች እየቆረጡ፣ ወደ ዳር እየጎተቱ፣ ሰፊ ሜዳ የሚያህል ውሃ ከፈቱ። ምእመኑ እየሄደ አየው፣ ተደነቀ። አንድ እሑድ በጉባኤ መካከል አስነሥተው ባረኳቸው፤ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ሲሉ አየሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም ነበር።

ጥምቀቱ ለእሑድ ተቆረጠ። ሐሙስና ዓርብ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ ጠዋት ዳሩ ጨቅይቶ እንደሆን፣ ሽማግሌዎች እንዳይንሸራተቱ ምን እንደምናነጥፍ ለማየት ወረድኩ።

ገና ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ፤ የከረመ ጎመን የሚመስል ሽታ። ውሃው አረንጓዴ ነበር። ሐይቅ ሁልጊዜ ትንሽ ያረንጉዳል፤ ይህ ግን ቀለም ቀቢ ባልዲውን የደፋበት ይመስል ነበር። ጣት የማያህሉ የቆሮሶ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ፤ በመካከላቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሳሙና አረፋ። እንጨት አንሥቼ ውሃውን ነካሁት። እንጨቱ ወፍራም አረንጓዴ ቅባት ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በዝናቡ ነበር። ከላይ ካለው መንገድ የሚወርድ የጎርፍ ቦይ አለ፤ የሰፈሩን የልብስ እጣቢ ውሃ፣ የገበያውን ጥራጊ፣ የባጃጅ እጥበቱን ዘይት ሁሉ ሰብስቦ ያመጣል። ቦዩ ታች ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው አባቴ ወደመነጠሩት ወገን ይገባል፤ ሌላኛው ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ገና ማጭድ ያልነካው ፊላ ወዳለበት። እኔ ያው መቆም አልችልም፤ ወዲያና ወዲህ ስል እዚያኛው ጋ ደረስኩ። ጠርሙሱና ጥራጊው ፊላው ሥር ተይዞ ተከምሯል፤ ጭቃውም እዚያው ረግቷል። ከፊላው ወዲያ ያለው ውሃ ግን የወትሮው ውሃ ነበር። ቅባት የለው፣ ሽታ የለው።

ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ያየሁትን ያላየሁ ለማድረግ ይመስለኛል ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ጀልባ ነጂ የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ምንም አልጠፋብኝም አልኩት።

ቦርሳዬ ውስጥ የሽንት መያዣ ዕቃ አይጠፋም። ከአረንጓዴው ውሃ ቀዳሁና ወደ ሥራ ቦታዬ በረርኩ። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው እንደ ዶቃ የተቀጣጠሉ አረንጓዴ ክሮች ሞልተውታል። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን እንዲህ ያለው ነገር ቆሻሻ በበዛበት ውሃ ውስጥ እንደሚፈላ፣ አንዳንዱ መርዝ እንደሚሠራ፣ ቁስል ያለበት ሰውም ሊገባበት እንደማይገባ ነግሮን ነበር። ይኼኛው ይሠራ አይሠራ የእኛ ማይክሮስኮፕ አይናገርም። የአባቴን ቅልጥም ግን አውቀዋለሁ።

ፓስተራችን በረከት አብሮ አደጌ ነው፤ ሰው ፊት «ፓስተር» ለማለት ምላሴን እነክሳለሁ። ሄጄ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሽንት መስሎት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ውሃውን፣ ቦዩን፣ ፊላውን። የውሃው ነገር ቀላል ነው፣ ገንዳ አለን፣ እናግባባቸዋለን አለ። በፊላው ነገር ግን ራሱን ያዘ። ለካ ሌላ ጉድ ነበር። ከጥምቀቱ በኋላ ምእመኑ በሙሉ ማጭድ ይዞ የቀረውን ዳርቻ እስከ ጫፍ ሊመነጥር፣ በአባቴ መሪነት፣ ተወስኖ ነበር። አባቴን ለማክበር ነው። ለእኔ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆን ደብቀውኛል።

«ዝናቡ ነው በያቸው» አለኝ በረከት። «ምንጣሮውን እኔ በሌላ ምክንያት አስቀረዋለሁ።»

«ሰዎቹስ? ዛሬ ብታስቀረው ሌላ ቀን አይቆርጡትም? ሲቆርጥ የተባረከ ሰው አይተዋል እኮ።»

ዕቃውን በጣቱ ከአጠገቡ ገፋ አደረገው። «እሺ፣ እንንገራቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስበው አስበው አሁን ሊመጡ ሲሉ፣ በር ላይ ‹አጥፍተዋል› ብለን እንቀበላቸው? አንቺ ብትሆኚ ትመለሽ ነበር?»

እኔ ብሆን እመለስ ነበር። ያስፈራኝም እሱ ነው። አባቴ ቃል ሲሰብራቸው ወደ እንሰታቸው ይገባሉ፣ በቃ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የለመነችው ነገር በእኔ አፍ ሊበላሽ ነው። ብዋሽ ደግሞ ያ የቀረው ፊላ ሊቆረጥ ነው፤ ሐይቃችን እኮ መውጫ የለውም፣ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከቤተ ክርስቲያኑ ስወጣ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ባጃጅ ያዝኩና ቱላ አልኩ።

አባቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማጭዶች ይስላሉ። ከጎረቤት የተሰበሰበ ማጭድ ሁሉ እፊታቸው ተደርድሯል፤ የነገውን ሰምተዋል ማለት ነው። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ነጩ የጥምቀት ልብስ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከአባቴ ጋር የምንነጋገረው በሲዳሙ አፎ ነው፤ እዚህ የምጽፍላችሁ ወደ አማርኛ እንደመለስኩት ነው።

ቁስላቸውን አጠብኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ጥቅሉ አላማረኝምና ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩ። ውሃው በዝናቡ ተበላሽቷል፣ ቁስልዎን ይጎዳዋል፣ ገንዳው ይሻላል አልኳቸው። ዝናብ ዘንድሮ ነው እንዴ የተጀመረው ብለው ሳቁብኝ። እናትሽም በክረምት ነው የገባችው አሉ።  ከዚያ ሳላስበው ተነሣሁና «አባ፣ እንሂድና ይዩት» አልኳቸው።

ፀሐይ ገና ሳትገባ ደረስን። አባቴ ዳሩ ላይ ቆመው የከፈቱትን ሜዳ አዩት።  ጎንበስ ብለው አንዱን የሞተ ቆሮሶ ሲስሉት በነበረው ማጭድ ጫፍ ገፋ አደረጉት። ቀስ እያሉ መራመድ ጀመሩ፤ እኔ ከኋላ። እግራቸው ወደ ቀረው ፊላ ወሰዳቸው፤ አልመራኋቸውም። እዚያ ቆሙ። የተከማቸውን ጥራጊ አዩ፣ ከወዲያ ያለውን ውሃ አዩ፣ ወደመጣንበት ዞረው አዩ።

«ይኼኛው ለምን ደኅና ሆነ?» አሉኝ።

ዝናቡ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። እግሬ ይንቀጠቀጣል። 

«ስላልቆረጡት ነው፣ አባ።»

ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ማጭዱን ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ቆሜ ማየት አቃተኝ፤ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ያላሰብኩትን ነገር ነገሩኝ።

«እናትሽ የገባች ቀን ፊላ ነበረ። በመካከሉ አልፋ ገባች። መዝሙሩን እሰማለሁ፣ እሷን አላያትም። ስትጠልቅም ስትወጣም አላየኋትም። ጫማዋን ይዤ ፊላ ሳይ ዋልኩ። ስትመለስ ‹አየኸኝ?› አለችኝ። አዎ አልኳት።» ወደከፈቱት ውሃ አመለከቱ። «ሌላ ሰው ዳር ቆሞ እንዳይቸገር ብዬ ነው የቆረጥኩት።»

አለቀስኩ። በእንባዬ አላፍርም። ያንን ሁሉ ጊዜ አባቴ ቦታ የሚያሳምሩ መስሎኝ ነበር። እጃቸውን ያዝኩና ማንም አያውቅም፣ ለማንም መናገር የለብንም፣ ነገ ገንዳው ውስጥ ይግቡና ይለቅ አልኳቸው። እውነት ከነገርኳቸው በኋላ ልደብቅላቸው መፈለጌ ይገርማል። እጄን መታ መታ አድርገው «እንሂድ፣ ይመሻል» አሉ።

እሑድ ጠዋት አባቴ የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ነጩ ልብስ ታጥፎ ብብታቸው ሥር ነበር። በረከት ዓይኑን ወደ እኔ ወረወረ፤ እኔም ምንም አላውቅም። ሌሎቹ ተጠማቂዎች ነጭ ለብሰው ፊት ተደርድረዋል፣ ማጭዶቹ ግድግዳው ሥር ተከምረዋል።  አባቴ መናገር እፈልጋለሁ አሉና ወደ መድረኩ ወጡ።

ንግግር አያውቁም። ፊላውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህም ባርካችሁኛል አሉ። ውሃውን ሄዳችሁ እዩት፤ የባረካችሁኝን መልሳችሁ ውሰዱ፣ የቀረውን ግን አትንኩ አሉ። ከዚያ ነጩን ልብስ ለበረከት ዘረጉለት።

«ይኼን አስቀምጥልኝ። ያበላሸሁት ሳይስተካከል አልለብሰውም። ፊላው ይብቀል፣ ያን ጊዜ እመጣለሁ።»

ጉባኤው ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ድኅነት የሣር መብቀል አይጠብቅም፣ ነገን ማን አየ፣ ዛሬውኑ ገንዳው ውስጥ ይግቡ አሏቸው። የእኔም ልብ ከእሳቸው ጋር ነበር። አባቴ ግን በትሕትና ጎንበስ ብለው ሰላም አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሌሎቹ ገንዳው ውስጥ ተጠመቁ። ምእመኑ ማጭዱን ሳይዝ ሐይቁ ዳር ወርዶ ሁለቱንም ውሃ አይቶ መጣ፤ መዝሙር እንኳ አልተዘመረም። በባጃጅ ስንመለስ አባቴ ላይ ጮኽኩባቸው። ቢሞቱስ አልኳቸው፣ እናቴን ምን ልላት ነው አልኩ። «የጀመርኩትን ጌታ ያያል» አሉና እስከ ቱላ ወደ ውጭ ሲያዩ ሄዱ።

ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የሆንኩትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ቦይ ሳይ መቆም ጀመርኩ። የሰፈሬን ሴቶች የልብስ እጥበት ውሃ ወደ ቦዩ አትድፉ እያልኩ ተጣላሁ፣ ታረቅሁ፣ እንደገና ተጣላሁ። ቀበሌ ሄጄ ቦዩ አፍ ላይ ጥራጊ የሚይዝ ወንፊት ይደረግልን ብዬ የነዘነዝኩበት ጊዜ አይቆጠርም፤ እስካሁን አልተደረገም። የላቦራቶሪው ሰዎች «እህት ፊላ» ይሉኛል። በየቅዳሜው ሐይቁ ዳር እየወረድኩ ፊላውን በራሴ አካል እለካዋለሁ። አባቴ አንዳንዱን ከሌላ ቦታ ከነሥሩ አምጥተው መልሰው ተከሉት። ጉልበቴ ደረሰ። ወገቤ ደረሰ። በመካከሉ አባቴ ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ስለ እሳቸው ስጸልይ ስለ ቅጠል ዕድገትም እጸልይ ነበር። እንደዚያ ያለ ጸሎት ጸልያችሁ ታውቃላችሁ?

ፊላ ብቻውን ሐይቁን ያድነዋል አልላችሁም። ቦዩ ዛሬም ይወርዳል። አረንጓዴው ነገር በሌላ በኩል ዛሬም ብቅ ይላል። እኔ የምላችሁ፣ እናንተ ከተማ ሐይቅ ወይም ወንዝ ካለ፣ ዳሩን ለማሳመር ማጭድ ስታነሡ የምትቆርጡት ነገር ምን ይዞ እንደቆመ አንዴ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሰው የሚወደውንም ያበላሻል፤ አባቴ በፍቅር ነው ያበላሹት። ይህን ከእሳቸው አፍ ባልሰማ ኖሮ ሐይቅ የሚያበላሽ ሁሉ ክፉ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን ወረድን። ቁስላቸው ድኗል፤ ከሆስፒታል ወዲህ መክሳታቸውን ግን አልደብቃችሁም። ፊላው ሥር የተያዘውን ጠርሙስ ልልቀም አሉና ጫማቸውን አውልቀው ሰጡኝ፣ ቦቲያቸውን አጥልቀው ገቡ። ቅጠሉን ከፈት አደረጉት፤ ከኋላቸው ተዘጋ። ተንጠራራሁ። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ። አባቴ አይታዩም። የውሃ መንቦራጨቅ ይሰማኛል፣ ከዚያ እሱም ጠፋ።

ጫማቸውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ እግሬ አልተንቀጠቀጠም።

«አባ?»

«እዚህ ነኝ» አሉ ከፊላው ውስጥ። «ታዪኛለሽ?»

«አላይዎትም።»

ሲስቁ ሰማሁ።

«እንግዲያው በቅሏል። ልብሴን እንዲያወጣው ለበረከት ንገሪው።»